ምዕራፍ 7፦ እስከ ብረቱ ድረስ

አሮጌ ፒካፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከላይ ባለው ነገር ላይ ነው፤ በሮቹ ላይ፣ ኮፈኑ ላይ፣ በፊት መብራቱ ዙሪያ ባለው ኒኬል ላይ። መኪናውን የተሸከመው ግን ከሥር ተጋድሞ የማይታየው ሻንሲ ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ጋቢናውም፣ የጭነት ሳጥኑም፣ ጎማውን የያዙት ሞላዎችና ባሌስትራዎችም የታሰሩት እሱ ላይ ነው። በር ቢበሰብስ በር ይቀየራል። ሻንሲ ከበሰበሰ መኪና የለም።

ለዚህ ምዕራፍ ምሳሌ አድርጌ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 የተመረተውን ሼቭሮሌት ሲ-10 ፒካፕ ነው። አሜሪካ ውስጥ በገዛ ጋራዣቸው አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች በጣም ከሚወዷቸው መኪኖች አንዱ ነው፤ አብዛኛው መለዋወጫው ዛሬም አዲስ እየተመረተ ይሸጣል፣ አሠራሩም ግልጽ ነው። ሻንሲው የመሰላል ቅርጽ አለው፦ ሁለት ረጃጅም የጎን ብረቶች፣ በመካከላቸው አግዳሚ ብረቶች፣ መጋጠሚያው ላይ ሪቬት። የጎን ብረቶቹ አንድ ወገናቸው ክፍት ስለሆነ እጅም ብሩሽም ይገባባቸዋል። ይህ ለሚያድሰው ሰው ትልቅ ዕድል ነው። አራቱም ጎኑ የተዘጋ ሻንሲ ያለው የድሮ ላንድሮቨር እንዲህ አይደለም፤ እሱ የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ቀዳዳው ከውጭ ሲታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ሥራው ቤት ውስጥ ይቻላል። ሻንሲው ራቁቱን ሲቀር ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሦስት ሰው፣ ጠፍጣፋ መሬትና ጠንካራ ካቫሌቶዎች ይፈልጋል። ሰው የሚሳሳተው ጊዜውን ሲመድብ ነው። አብዛኛው ሰው ዕድሳት ሲል የሚያስበው ቀለም መቀባትን ነው፤ ቀለሙ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወሰነው ግን ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው የፎርዝ የባቡር ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በአሮጌ ቀለም ላይ አዲስ ቀለም ሲደረብበት ስለኖረ፣ ቀቢዎቹ አንዱ ጫፍ ሲደርሱ ሌላው ጫፍ እንደገና ይጀመራል እየተባለ የማያልቅ ሥራ ምሳሌ ሆኖ ነበር። በመጨረሻ አሮጌው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ተጠርጎ፣ የብርጭቆ ስንጥር የተቀላቀለበት ኢፖክሲ ተቀብቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራው ተጠናቀቀ። አዲሱ ቀለም ቢያንስ 25 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው የተቀባው። የተሻለ ቀለም መገኘቱ ብቻ አይደለም ለውጡን ያመጣው፤ ቀለሙ ያረፈው ንጹሕ ብረት ላይ ነው።

ዝገት የሚሠራው ሥራ

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው። አሠራሩ የኤሌክትሪክ ነው። በአንድ ብረት ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ነጥብ ይቀበላል፣ በመካከል ያለው እርጥበት ሁለቱን ያገናኛል። እርጥበቱ ጨው ካለበት ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ዝገቱም ይፈጥናል። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበተንባቸው እንደ ሚኒሶታ ያሉ የአሜሪካ ግዛቶች ያረጁ ፒካፖችና በደረቁ አሪዞና ያረጁት ከሥር ሲታዩ አንድ ፋብሪካ ያወጣቸው አይመስሉም። በዚያው በሚኒሶታ፣ እንዲሁም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህን ጨው በየክረምቱ ያውቁታል። ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስም የአዲስ አበባ ደረቅ በጋና የጅቡቲ ወደብ ጨዋማ አየር በጭነት መኪና ብረት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ አይደለም።

ዝገት ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ማበጡ ነው። እንደ ዓይነቱ፣ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይይዛል። ሜዳ ላይ ያለ ዝገት ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል፤ በሪቬት በተጣበቁ ሁለት ብረቶች መካከል የገባው ግን መውጫ ስለሌለው ብረቶቹን ቀስ በቀስ ይለያያቸዋል፣ ሲብስም ሪቬቱን ይበጥሳል። ሲ-10 የኋላ አክሱሉን የሚይዘው በሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው። እያንዳንዱ ክንድ ጀርባና ጀርባቸውን አጋጥመው በሪቬት የተመቱ ሁለት ብረቶች ነው። አሠራሩ እጅግ የተዋጣለት በመሆኑ የናስካር ውድድር መኪኖች ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት መስመር ግን ከጭነት ሳጥኑ ሥር ከማንም ዓይን ተሰውሮ የሚዝግ ቦታ ነው። ሻንሲ ሲመረመር መጀመሪያ የሚታዩት እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጠባይ ደግሞ ውሃ መያዙ ነው። ዝገት ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው በውስጡ እርጥበትና ጨው ያቁራል። ማንኛውም ቀለም ደግሞ በጣም በዝግታም ቢሆን እርጥበት ያሳልፋል። ከቀለሙ ሥር ጨው ከቀረ ያንን እርጥበት ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ይፈነዳል። ዝገት ላይ የተቀባ ሻንሲ በመጀመሪያው ዓመት አምሮ ታይቶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት የሚቦጨቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመፋቁ በፊት

ጋቢናውና ሳጥኑ ወርደው፣ ሞተሩና አክሱሎቹ ተነቅለው ሻንሲው ብቻውን እስኪቀር ድረስ እያንዳንዱ ብሎን፣ ቱቦና ሽቦ የነበረበት ቦታ ፎቶ ይነሳ። ብሎኖቹ በየቦታቸው በትንንሽ ከረጢት ተለይተው ይጻፍባቸው። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ከሥሩ የሚገባ ሰው ያለ ካቫሌቶ አይገባም። የፍሬኑ ከበሮ ውስጥ ያለው አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋ፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ አስቤስቶስ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ቀጥሎ ሜትር ይውጣ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ፣ ከአንድ ዓይነት ቀዳዳ እስከ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ሰያፉ ይለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልመጡ ሻንሲው አንድ ዘመን ተጋጭቶ ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ተጣሟል፤ መጀመሪያ ማቃኛ ወዳለው ባለሙያ ይሄዳል። የተጣመመ ሻንሲ ላይ የሚፈስ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩም በዚሁ ጊዜ ይፈለግ። ብረቱ ላይ የተመታ ስለሆነ ግራይንደር በደቂቃ ሊያጠፋው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ቁጥር ማጥፋትም ሆነ መቀየር ወንጀል ነው፤ እኛም ዘንድ ለቦሎ የሚቀርብ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በእጅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጽዳ፣ ሲቀባም ፊደሉ እንዳይሞላ ሳሳ ይበል።

ከዚያ መዶሻ። ሻንሲው ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እየተመታ ይደመጥ። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ የታመመው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። ድምፁ የከዳበት ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ይወጋ። ካቻቪቴው ከገባ፣ በተለይ መሪው፣ ሞላው ወይም ክንዱ በሚታሰርበት አካባቢ ከሆነ፣ ያ ብረት ተቆርጦ በልኩ አዲስ ይበየድበታል፤ ብየዳውንም የጭነት ሻንሲ የሚያውቅ በያጅ ይሥራው። እዚያ ላይ ስቱኮ ሞልቶ ጥቁር ቀለም መቀባት ሰው መግደል ነው፤ ከዚህ የለዘበ ቃል አይገባውም።

በዚህ ምርመራ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሞተሩና ካምቢዮው የነበሩበት የፊተኛው ክፍል፣ በሃምሳ ዓመት ዘይትና አቧራ ጣት ሙሉ የተለሰነው፣ ሲፋቅ ከሁሉም የተሻለ ብረት ሆኖ ይገኛል። የሚያንጠባጥበው ዘይት ውሃና አየር ከልክሎለት ኖሯል። ዘይት የማይደርስበት የኋለኛው ክፍል ነው በብዛት የሚጎዳው።

ግራሶውን ማውጣት

አሁን የምለው ነገር ከምዕራፉ ሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባል እፈልጋለሁ፦ ቅባት ሳይወጣ ብረት አይፋቅም። ግራሶ ያለበት ብረት ላይ የሽቦ ብሩሽ ወይም የብርጭቆ ወረቀት የሚያነሳ ሰው ቅባቱን አያወጣውም፤ ያሰራጨዋል፣ በጭረቱና በቀዳዳው ውስጥም ይቀብረዋል። አሸዋ መርጫም ቢሆን ቅባቱን ከቅንጣቱ ጋር ወደ ብረቱ ያስገባዋል። ድልድይና መርከብ የሚቀቡ ኩባንያዎች በሥራ ደንባቸው ቅባት ማጠብን ከማንኛውም መፋቅ አስቀድመው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ወፍራሙ ንብርብር በስፓቱላና በአሮጌ መሮ ይነሳል። ከሥር ሸራ ይነጠፍ፤ የሚወርደው ጭቃ ዘይት ስለሆነ ወደ ቦይ አይጠረግም። የቀረው በቅባት ማስለቀቂያ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታሻል፤ በላቫጆ ያለው ዓይነት በግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽን ከተገኘ ደግሞ ውሃው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ይህ ውሃ ጨውንም አብሮ ያጥባል፤ በጨው አገር የኖረ ሻንሲ ግን ከተፋቀ በኋላም በንጹሕ ውሃ ደግሞ መታጠብ አለበት፤ በጉድጓዶቹ ሥር የተደበቀው ጨው የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና።

በብዙ ጋራዦች የሞተር ዕቃ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ይታጠባል። ለሻንሲ ሁለቱም አይሆኑም። ናፍጣ ራሱ ቀለም የሚጠላውን ቅባት ትቶ ይሄዳል። ቤንዚን ደግሞ ትነቱ ከመሬት ጋር ተጠግቶ እየተሳበ ሩቅ ካለ ምድጃ ወይም ብልጭታ እሳት ይዞ ይመለሳል። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይም ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ ብየዳ በሚካሄድበት አካባቢ አይነካ፤ ትነቱ የብየዳን ሙቀት ሲያገኝ ፎስጅን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል።

መታጠቡን ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብረቱ ላይ ንጹሕ ውሃ ይርከፈከፍ። ውሃው ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ቅባት የለም፤ ነጠብጣብ ሆኖ ከተሰባሰበ ገና አለ፣ ማጠቡ ይቀጥላል።

መግፈፍ

ዕድሜ ያለው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በደንብ ገድባለች። የእኛ ሻንሲ ከሁለቱም በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ በደረቁ አይፋቅም፣ ሕፃናት አይቀርቡም፣ የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም፣ ፊት ላይ የሚደረገውም ማጣሪያ ያለው የመተንፈሻ ጭንብል እንጂ ስስ የጨርቅ ማስክ አይደለም።

ግራይንደር ላይ የተገጠመ የሽቦ ብሩሽ በየጋራዡ ያለ ነው፤ ቀለምና ልል ዝገት በማንሳት ረገድ ጎበዝ ነው። ሽቦው እየተበጠሰ ስለሚወረወር ሙሉ የፊት መከላከያ ግዴታ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባውን ዝገት አያወጣም፤ ያብለጨልጨዋል። ላዩ አብርቶ ሲታይ ንጹሕ ብረት ይመስላል፣ ሥሩ ግን ዝገት ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ስለቀረም ቀለም የሚጨብጠው ሻካራ የለውም።

ይህን ሁሉ የሚፈታው በአየር ግፊት ቅንጣት መርጨት ነው። ጉድጓዱን እስከ ሥሩ ያጠራል፣ ብረቱንም ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። ችግሩ አየሩ ነው። 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቀዳዳ ያለው መርጫ በ7 ባር ግፊት በደቂቃ 550 ሊትር ገደማ አየር ይበላል፤ የተለመደው የቤት ኮምፕረሰር ግን የዚህን ሲሶ እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰጠው። ቅንጣቱም የወንዝ አሸዋ ሊሆን አይገባም። አሸዋ ሲሰበር የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን እያደነደነ የሚገድል ሲሊኮሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል፣ መድኃኒትም የለውም፤ ብሪታንያ በዚህ ምክንያት አሸዋ መርጨትን ከ70 ዓመት በላይ በፊት ከልክላለች። የተፈጨ ብርጭቆ ወይም ጋርኔት የተባለው ማዕድን ይሻላል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ከዚህ ሥራ ሁሉ ለሌላ ሰው የሚከፈልበት አንድ ነገር ብቻ ይሁን ከተባለ ይኸኛው ይሁን። ብየዳ ካላስፈለገ የቀረውን በገዛ እጅ መሥራት ይቻላል።

ቀለም የሚያላቅቁ ኬሚካሎች አሉ። ፈጣኑ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ነበር፤ በተዘጋ ክፍል የተጠቀሙበት ሰዎች ስለሞቱ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ አግዷል። አሁን ያሉት ቀርፋፋ ናቸው፣ ዝገትንም አይነኩም። አሲድን በተመለከተ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከጋራዥ ይራቅ፤ ትነቱ ብቻ በዙሪያው ያለውን መፍቻና መዶሻ ሁሉ ያዝጋል። ፎስፎሪክ አሲድ የዋህ ነው፤ በጉድጓድ የቀረውን ዝገት ይበላል፣ ብረቱ ላይም ስስ የፎስፌት ንጣፍ ይተዋል። ከላዩ የሚመጣው ኢፖክሲ ከሆነ ግን አሲዱ በደንብ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ አሲድ ካገኘው በወጉ አይጠነክርም።

ለትንንሽ ዕቃዎች፣ ለማሰሪያና ለብሎን መያዣ፣ ትዕግሥት ላለው ሰው ሞላሰስ አለ። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ይህ ጥቁር ፈሳሽ 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ዕቃው ሲዘፈዘፍበት ዝገቱን በሳምንታት ውስጥ ያሟሟዋል፣ ደህናውን ብረት እምብዛም አይነካም። ይሸታል፤ አሉሚኒየምና ዚንክ ግን አይግቡበት። ስኳር ፋብሪካ ባለበት አገር ይህን ያህል ርካሽና ገር ዘዴ በስፋት አለመታወቁ ያሳዝነኛል።

ቀለሙ

የተገፈፈ ብረት ጊዜ አይሰጥም። እርጥብ አየር ባለበት ቀን በሰዓታት ውስጥ ብርቱካናማ ይሆናል። በባዶ እጅ ቢነካ የላቡ ጨው የጣት አሻራ ሆኖ ይዝጋል፤ ስለዚህ ጓንት። መጀመሪያው ፕራይመር በዚያው ቀን ይቀባ። ቀኑ ይመረጥ፦ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ዓይን የማያየው እርጥበት ከቀለሙ ሥር ይታሸጋል። ብረት ከአየሩ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ማለዳ አይመከርም።

ፕራይመሩ ባለሁለት ጣሳው ኢፖክሲ ይሁን። ከብረት ጋር በጠንካራው ይያያዛል፣ እርጥበትንም ከተራው አንቲረስት በተሻለ ይከላከላል። ልኩ በዓይን አይገመትም፤ ሁለቱ ጣሳዎች የሚገናኙት በኬሚካል ስለሆነ የማጠንከሪያው ማነስም መብዛትም ቀለሙን ያበላሸዋል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከተቀላቀሉ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይቀባሉ፤ የጣሳው ጽሑፍ የሚለው ሁሉ ይፈጸም።

ከመርጨት በፊት ደግሞ የብረት ድልድይ ቀቢዎች የማይዘሉት አንድ ልማድ አለ። እርጥብ ቀለም ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፤ ሜዳው ላይ ወፍሮ ጠርዙ ላይ ይሳሳል፣ ዝገትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ በሞረድ በትንሹ ይክበብ፤ ጠርዙ፣ የእያንዳንዱ ሪቬት ራስ፣ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያና የብየዳው መስመር አስቀድሞ በብሩሽ ይቀባ። ሜዳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለት ንብርብር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ግራጫ፣ ሁለተኛው ሌላ ቀለም ቢሆን ያልተዳረሰ ቦታ ወዲያው ይታያል።

ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም፣ እየነጣ ይደቃል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ጥቁር ይደረባል። ፋብሪካው ራሱ ስስ ጥቁር ነበር የቀባው፤ የመስታወት ያህል የሚያብረቀርቅ ጥቁር ለሻንሲ አይስማማም ባይ ነኝ። ባለሁለት ጣሳ ዩሬቴን በጣም ጠንካራ ነው፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ግን አስም ስለሚያመጣ፣ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል የሌለው ሰው ቤቱ ውስጥ ሊረጨው አይገባም። በብሩሽ የሚቀባ ጥሩ የብረት ቀለም ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲጫርም በቀላሉ ይታደሳል። በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ያምራል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ግን ውሃው በሥሩ ርቆ ይሄዳል። ሻንሲን በቀለጠ ዚንክ መንከር ለላንድሮቨር የተለመደ ቢሆንም፣ በሪቬት ለተገጣጠመ አሮጌ ሻንሲ አልመርጠውም፤ ከመንከሩ በፊት የሚታጠብበት አሲድ በብረቶቹ መካከል ይቀራል።

ሞተሩ የሚቀመጥባቸውና ሌሎች ከባድ ብሎኖች የሚጠብቁባቸው ገጾች ወፍራም ቀለም አይቀቡ፤ ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ሲጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። የባትሪው የምድር ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ንጹሕ ብረት ይሁን፣ ከታሰረ በኋላ በግራሶ ይሸፈን። የብሎን ጥርሶች፣ የጎማ ቱቦዎችና የፍሬን ዕቃዎች ይሸፈኑ። ቀለሙ ሲነካ ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ያን ያህል ይጠበቅ። በመጨረሻ ብረቶች በተደራረቡበት መስመር ሁሉ ቀጭን የዝገት መከላከያ ሰም ይረጭ፤ ብሩሽ የማይገባበት እሱ ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ የሁለቱንም ጣሳዎች ትርፍ ሳይቀላቀል አሽገህ አስቀምጥ፤ ስሙን፣ ልኩንና የተቀባበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፍ። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጨው አገር ከሆንክ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ሻንሲውን በውሃ እጠብ፤ መብራት ይዘህ ከሥር ግባና መጋጠሚያዎቹን፣ ጠርዞቹንና ጠጠር የሚመታቸውን ቦታዎች እይ። የተጫረውን ዝገት ሳይዘው በዚያው ሳምንት አጽዳና ቀባው።